ከእንዶድ እስከ ኦሞ፦ የወሎ ደጋ ልብስ አጠባ ታሪክ

በቦረና፣ በሳይንትና በለጋምቦ ደጋዎች የፋብሪካ ሳሙና ሱቅ ውስጥ ከመደርደሩ በፊት ነጠላና ጋቢ የሚነጣው በእንዶድ ነበር። ቁጥቋጦው ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋና ወይና ደጋ ይበቅላል። ስለዚህ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረችው የመካነ ሰላም ከተማ የእንዶድ አገር ናት። ጥምቀትም ሆነ ኢድ ሲቃረብ ልብስ ተሸክሞ ወንዝ መውረድ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ቤት ሥራ ነበር።

ፍሬው ሳይቀላ ይለቀማል፤ ፀሐይ ላይ ደርቆ በሙቀጫ ይወቀጣል። ሴቶቹ ሲወቅጡ አፍንጫና አፋቸውን በነጠላ ጫፍ ይሸፍናሉ፤ ብናኙ ያስነጥሳል፣ ዓይን ያቃጥላል። ዱቄቱ ውሃ ሲነካው አረፋ ይኩረፈረፋል። ልብሱ ተዘፍዝፎ ድንጋይ ላይ በእግር ይረገጣል፤ ከዚያም በወራጅ ውሃ ይለቀለቃል።

አረፋውን የሚያወጣው በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። የሳፖኒን ቅንጣት አንድ ጫፉ ውሃ፣ ሌላው ጫፉ ቅባት ይወዳል፤ ስለዚህ እድፉን ከክሩ ነቅሎ ለውሃው ያስረክባል። ኬሚስቶች ሰርፋክታንት የሚሉት የዚህ ዓይነቱን ነገር ሁሉ ነው፤ የዱቄት ሳሙናው ኦሞም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ችግሩ የሕያው ነገር የሕዋስ ሽፋንም ከቅባት የተሠራ መሆኑ ነው። ልብስ ያነጣው እንዶድ የዓሣን ስንጥብ የሚጎዳው፣ ቀይ የደም ሕዋስን የሚያፈርሰው ለዚህ ነው። ለኮሶ ወይም ጽንስ ለማስወረድ ብለው የጠጡት ሰዎች ሕይወታቸውን አደጋ ላይ ጥለዋል።

ይህን የእንዶድ ጠባይ ከሳይንስ ጋር ያገናኘው ተመራማሪው አክሊሉ ለማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አየ። ከአጠባው በላይ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። ከዚያ በኋላ እዚያው አድዋ በተደረገው የአምስት ዓመት ሙከራ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። አክሊሉ ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበለ። ዕውቀቱ ግን ከወንዝ ዳር የተነሣ ነው። በ1990ዎቹ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የሜዳ አህያ ዓይነት መስመር ያለበትን ወራሪ የዛጎል ዝርያ እንደሚገድል አሳይቶ የፓተንት መብት ሲወስድ፣ እነዚያ አጣቢ ሴቶች ከጥቅሙ ምንም አልደረሳቸውም። ይህ ዛሬም ያስቆጫል።

የፋብሪካው ሳሙና ደግሞ የራሱን ጉዳት ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የነበሩት የዱቄት ሳሙናዎች በባክቴሪያ የማይበሰብስ ቅርንጫፋም ኬሚካል ስለነበራቸው፣ የጀርመንና የእንግሊዝ ወንዞች በአረፋ ተሸፈኑ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኢንዱስትሪው ቀጥ ባለ ሰንሰለት ወደተሠራው ዓይነት ዞረ። እርሱ በቂ ኦክስጅን ባለው ውሃ ይበሰብሳል፤ አየር በማይደርሰው ደለል ውስጥ ግን ይቆያል። ኦሞ የተነከረ እጅ የሚደርቀውና የሚሰነጠቀው ደግሞ ሳሙናው የቆዳውንም ቅባት ስለሚወስድ ነው።

ዛሬ በየከተማው ፈሳሽ ሳሙና ማምረት የወጣቶች ሥራ ሆኗል። ጥሬ ዕቃው ሰልፎኒክ አሲድና ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ሁለቱም ሥጋ ያቃጥላሉ። ኮስቲክ ሶዳው በጥቂት በጥቂቱ ውሃው ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃው እርሱ ላይ አይፈስስም፤ በድንገት ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫልና። የላስቲክ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያስፈልጋል። የአጠባው እጣቢም ቢሆን ወደ በሸሎና ወደ ወለቃ ወንዞች የሚወርደው ጅረት ውስጥ ከሚደፋ፣ ከውሃው ራቅ ብሎ አፈር ላይ ቢፈስ ይሻላል። በአፈር ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አየር ስለሚያገኙ ይበሉታል፤ ይህ ጥንቃቄ በተለይ የሚያስፈልገው በበጋ፣ ውሃው ቀንሶ ዓሣና እንቁራሪት በቀረች ኩሬ ሲጠራቀሙ ነው።