ከድንጋይ እስከ ድረ ገጽ፤ የይፋት ሥዕሎች ጉዞ

ሐምሌ 1833 ዓ.ም. ከታጁራ የተነሣ ረጅም ቅፍለት የአሳልን የጨው ሐይቅና የአፋርን በረሃ አቋርጦ የይፋት ቆላ መግቢያ ከሆነችው ፋሬ ደረሰ። የቅፍለቱ መሪ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ይባላል፤ ከቦምቤይ ተነሥቶ ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ የተላከ የእንግሊዝ መልእክተኛ ነው። ፋሬ ላይ የተቀበሉት የይፋቱ ገዥ ወላስማ መሐመድ ናቸው። ወላስማ የንጉሡን የቆላ በር ይጠብቃሉ፤ የንጉሡ ዘመዶች በሰንሰለት ታስረው የሚኖሩበት የጎንቾ እስር ቤትም በእጃቸው ነው።

እንግዶቹ ለንጉሡ መድፍና ጠመንጃ አምጥተዋል። ለይፋት ታሪክ የጠቀመው ግን ዮሐን ማርቲን በርናትስ የተባለው ጀርመናዊ ሠዓሊ የያዘው እርሳስና ቀለም ነው። በ1802 በሽፓየር ከተማ የተወለደው በርናትስ (ዓመቶቹ ከዚህ በኋላ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከዚያ ቀደም ብሎ ሲናንና ቅድስት አገርን ዞሮ የሣለ ሰው ስለነበር የበረሃ ጉዞ አዲስ አልሆነበትም። ከታጁራ እስከ አንኮበር ያየውን በየመንገዱ ነደፈ።

ንድፉ መጽሐፍ እስኪሆን ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። በ1852 በሙኒክና በለንደን የወጣው የበርናትስ ሥራ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ የአፋር ቆላ፣ ሌላው የሸዋ ደጋ። ሙኒክ ለዚህ ሥራ ትክክለኛዋ ከተማ ነበረች። አሎይስ ሴኔፌልደር በድንጋይ ማተምን፣ ማለትም ሊቶግራፊን፣ በ1790ዎቹ መጨረሻ የፈለሰፈው እዚያው ባቫሪያ ውስጥ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ በተወለወለ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታማ እርሳስ ይሣላል፤ ያውም ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ። ድንጋዩ በውሃ ይረጥባል፤ ከዚያ የሚቀባው ቀለም ውሃውን ሸሽቶ ቅባቱ ላይ ብቻ ያርፋል። ወረቀት ተደርቦ ሲጫን ሥዕሉ ተገልብጦ በትክክለኛው መልኩ ይወጣል።

በዚህ ሁሉ እጅ ያለፈ ሥዕል ከመነሻው አንድ ነገር ሳይጎድልበት አይቀርም። የበርናትስ ተራሮች ገደላቸው ሳይቀር ይታወቃል፤ ነጋዴውና ግመል ነጂው ግን በአብዛኛው ስም የለሽ ናቸው። በዚያ ዘመን የአልዩ አምባን የዓርብ ገበያ የሚያውቅ ሰው ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ከሐረር ማን ከአርጎባ እንደመጣ መናገር ይችል ነበር። የጠየቀው የለም፤ አልተጻፈም።

ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ ተራው የፊልም ሆነ። በ1973 የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በአዲስ አበባ ተጀመረ፤ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጋር የአሜሪካው የኮሌጅቪል ገዳም የብራና ቤተ መጻሕፍት ተባባሪ ነበረ። ከሸዋ፣ ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት የተገኙ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት በፊልም ተነሡ። ደርግ መጥቶ፣ አብዮትና ጦርነት አልፎ ሥራው ቀጠለ። ይህን የፊልም ክምር ቅጠል በቅጠል አንብበው ማውጫ ካዘጋጁለት ሊቃውንት ዋነኛው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ በ1975 በጥይት ቆስለው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆነው ሳለ ከ1976 ጀምሮ ኮሌጅቪል ተቀምጠው ለአሥርተ ዓመታት ሠሩበት። በ2021 አረፉ።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር። ጽሑፉን ለማንበብ ይበቃል፤ ለሥዕል ግን አይሆንም። የእመቤታችን ሰማያዊ መጎናጸፊያና የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀይ ካባ በፊልሙ ላይ ያው አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው።

የይፋት እስላማዊ ቅርስ ካሜራ ፊት የቀረበው ዘግይቶ ነው። በዐረብኛ የተጻፉት መጻሕፍት፣ የኖራና የአስበሪ የድንጋይ ከተሞች ፍርስራሽ፣ የመስጊዶቹ ሚሕራብ፣ ይህን ሁሉ ለረጅም ጊዜ የሚያውቀው በአብዛኛው የአገሬው ሰው ነበር። ተመራማሪዎቹ እነ ፍራንሷ ግዛቪየ ፎቬልና በርትራን ሂርሽ ቦታዎቹን አጥንተው በፎቶና በንድፍ መዘገቡ፤ በ2017 በወጣው ጥናት ደግሞ የይፋት ሱልጣኔት ዋና ከተማና የወላስማ ሥርወ መንግሥት መቃብር የት እንደነበሩ አመለከቱ። ወላስማ መሐመድ የተጠሩበት ማዕረግ ከዚሁ ሥርወ መንግሥት የወረደ ነው። የተበላ የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ ፊት ለፊት ቢነሣ አይነበብም፤ ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ግን ፊደሉ ጥላ ጥሎ ብቅ ይላል። ጥሩ ፎቶ ለታሪክ ማስረጃ የሚሆነው እንዲህ ነው።

አሁን ያለንበት የፋይል ዘመን ነው። በ2004 የተጀመረው የብሪቲሽ ላይብረሪ ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብትን የማዳን ፕሮግራም፣ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው መዝገበ ሥዕላት፣ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የኮሌጅቪሉ ድረ ገጽ የኢትዮጵያን ብራናና ሥዕል በኢንተርኔት አቅርበዋል። ድሮ የአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ደጅ ተጠንቶ ይታይ የነበረው የበርናትስ መጽሐፍ እንኳ ዛሬ በስልክ ይከፈታል።

የእነዚህ ተቋማት አሠራር ለማንም ባለሙያ ትምህርት ይሆናል። ብራናው ጥቁር ጨርቅ ላይ ይዘረጋል፤ በግድ አይደፈጠጥም፤ ከጎኑ ማስመሪያና የቀለም መለኪያ ካርድ ይቀመጣል። ካርዱ የሚያስፈልገው ቀዩ በሌላ ስክሪን ላይም ቀይ መሆኑ እንዲረጋገጥ ነው። ፎቶው በሁለት መልክ ይቀመጣል፤ ያልተጨመቀው ትልቁ ቲፍ ፋይል ለመዝገብ፣ ቀለል ያለው ጄፔግ ለድረ ገጽ። የፋይሉ ስም የመጽሐፉን ቁጥርና የቅጠሉን ተራ ይይዛል። ከሁሉም በፊት ግን የባለቤቱ ፈቃድ ይጠየቃል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ላይ በምትገኘው የይፋቷ ሸዋ ሮቢት ዛሬ ካሜራ የሌለው ስልክ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። የጎዜ መስጊድ በየጊዜው ይነሣል፤ የበዓል ታቦት፣ የሠርግ ዘፈን፣ የማሾና የሽንኩርት ገበያ ሁሉ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ይወጣል። ጉድለቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፤ የተነሣበት ቀንና የካሜራው መረጃም አብሮ ይጠፋል። ከሦስት ሰው በኋላ የማን እንደሆነ፣ የት እንደተነሣ የሚያውቅ አይገኝም። በርናትስ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት የተወው ክፍተት፣ ስም የሚባለው ክፍተት፣ በእኛው እጅ እየሰፋ ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። የይፋት ወጣቶች ሆይ፣ ፎቶ ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፤ ዋናውን ቅጂ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ከሥሩ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የሰዎቹን ስም ከነፈቃዳቸው ጻፉ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወይም የመስጊድ ኪታብ ከሆነ አስተዳዳሪውን ወይም ሼሁን ሳታስፈቅዱ አታውጡ፤ ሌባም ያያልና የሚቀመጥበትን ክፍል አትግለጹ። ስሙን የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉ።