የጎልፍ ሜዳ በረግረግ ምድር፦ የአፈሩና የውኃው ታሪክ

በሐምሌና በነሐሴ ከአቃቂ ቃሊቲ ወደ አባ ሳሙኤል የሚዘረጋውን ሜዳ የተመለከተ መሐንዲስ፣ ከዚያ ምድር ውኃ ማስወጣት ምን ያህል አዳጋች እንደሆነ ይረዳል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የሚወርዱበት ይህ ዝቅተኛ ስፍራ ተዳፋትነቱ እጅግ አነስተኛ፣ አፈሩም በአብዛኛው ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ በክረምት አብጦ ውኃ አላሳልፍ ይላል፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ ክንድ ያስገባል። ገበሬው ሽምብራውንና ጓያውን ዝናቡ ሊያበቃ ሲል የሚዘራው ስለዚህ ነው።

በእንዲህ ያለ ምድር ላይ የጎልፍ ሜዳ ንደፍ የተባለ ባለሙያ ከጨዋታው አስቀድሞ የውኃውን መውጫ ይነድፋል። ጨዋታው ባደገበት በስኮትላንድ ጠረፍ አሸዋው ዝናቡን ወዲያው ይመጠው ስለነበር ችግሩ እምብዛም አልታወቀም። ቻርለስ ብሌር ማክዶናልድና መሐንዲሱ ሴት ሬይነር ግን እ.ኤ.አ. ከ1914 ጀምሮ በኒውዮርክ አጠገብ የሊዶን ሜዳ ሲሠሩ፣ ከባሕሩ ሰርጥ ሁለት ሚሊዮን ኪዩቢክ ያርድ ያህል አሸዋ በመምጠጫ እያወጡ ረግረጉን ሞሉት። ሜዳው በ1917 ተከፈተ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጠፋ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው እ.ኤ.አ. በ1980 በፍሎሪዳ የተከፈተው የሶውግራስ ሜዳ ነው። መሬቱ 415 ኤከር ጫካና ረግረግ ሲሆን፣ የተገዛው በአንድ ዶላር ነበር። ነዳፊው ፒት ዳይ ኩሬ እየቆፈረ ከኩሬው በወጣው አፈር መጫወቻውንና የተመልካቹን ጉብታ ከፍ አደረገ። በ17ኛው ጉድጓድ አካባቢ የተገኘው አሸዋ መልካም ስለነበር ሠራተኞቹ እየቆፈሩ ሄዱ፤ በመጨረሻ የቀረው ሰፊ ጎድጓዳ ብቻ ሆነ። ሣሩ በውኃ መካከል እንደ ደሴት እንዲቀር ያሳሰበችው ባለቤቱ አሊስ ዳይ ናት። ዛሬ በዓለም የታወቀው ደሴት እንግዲህ ከአፈር እጥረት የተወለደ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። 10 ሄክታር መሬት በግማሽ ሜትር ከፍ ለማድረግ 50,000 ሜትር ኩብ አፈር ያስፈልጋል፤ 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ ይህን እንዲሰጥ ስፋቱ 2.5 ሄክታር መሆን አለበት። ሆኖም ከአቃቂ ኩሬ የሚወጣው አሸዋ ሳይሆን መረሬ ነው። መረሬ ውኃ ለመያዝ እጅግ የተመቸ፣ ለሙሌት ግን አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ላዩን በአሸዋ ወይም ከደብረ ዘይት አቅጣጫ በሚገኘው ቀይ የእሳተ ገሞራ ገረጋንቲ ማልበስ ግድ ይሆናል።

ይኸው የመቆፈርና የመከመር ጥበብ በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ ከቆየ ልማድ ነው። ገበሬው በበሬ ካረሰ በኋላ ቤተሰቡ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ሰፊ መደብና የውኃ ቦይ ያበጃል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የከብት ጥናት ማዕከል ባለሙያዎች ይህንኑ ሥራ ለማቅለል ሁለት ማረሻ አጣምረው መደብ ማበጃ ሠሩ፤ መደቡ 80፣ ቦዩ 40 ሳንቲሜትር ያህል ነበር።

መሣሪያው ከተሠራ በኋላም አንድ ጉዳይ ቀረ። ከቦዩ የሚወጣው ውኃ ከታች ባለው ጎረቤት ማሳ ላይ ይፈስ ነበርና፣ ባለ መሬቶቹ በጋራ መውጫ ላይ ሳይስማሙ ሥራው አይሳካም። በአቃቂ ሜዳ ላይ ሙሌት የሚያነሣ ሁሉ፣ ጎልፍ ይሁን ፋብሪካ ወይም መንደር፣ ያንኑ ስምምነት ከአካፋው በፊት መፈለግ ይኖርበታል፤ ከሙሌቱ ግርጌ ያለው ቤት ውኃውን የሚቀበለው በመጀመሪያው ክረምት ነው።