የበረዶ ወራት የፀሐይ መውጫ በቮርፕስቬደ

ቮርፕስቬደ በሰሜን ጀርመን፣ በታችኛው ሳክሶኒ ክፍለ ግዛት፣ ከብሬመን ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ የምትገኝ መንደር ናት። ቶይፍልስሞር የተባለ ረግረጋማ ሜዳ ይከባታል። ምድሩ ዝርግ በመሆኑ አድማሱን የሚጋርድ ተራራ የለም፤ ዋየርበርግ የተባለው ጉብታዋ እንኳ ከባሕር ወለል በላይ 60 ሜትር አይሞላም።

ብርሃኑ፦ በዲሴምበር መጨረሻ ፀሐይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ብቅ የምትለው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አካባቢው በ53 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለሚገኝ ፀሐይ ቀጥ ብላ ሳይሆን ጋደል ብላ ትወጣለች፤ ስለዚህ ጎሑ ይረዝማል። ጨረሩ ወፍራም የአየር ንጣፍ ሲያቋርጥ ሰማያዊው ብርሃን ይበተናል፤ ቀዩና ብርቱካናማው ይተርፋል። አዲስ የወረደ በረዶ ካረፈበት ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ሜዳውም ከሰማዩ ጋር ይቀላል። ውበቱ እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

ታሪክ፦ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዩርገን ክርስቲያን ፊንዶርፍ የረግረጉን ሰፈራ መራ። ሰፋሪዎቹ ከበሰበሰ ዕፅዋት የተፈጠረውን ፒት ለማገዶ እየቆረጡ በጀልባ ወደ ብሬመን ይወስዱ ነበር። በ1889 እ.ኤ.አ. ፍሪትዝ ማከንሰን፣ ኦቶ ሞደርሶንና ሃንስ አም ኤንደ በመንደሯ የሠዓሊያን ሰፈር መሠረቱ። ፓውላ ሞደርሶን-ቤከርም እዚያው ሠርታለች። ሥራዎቻቸው ዛሬ በመንደሯ ሙዚየሞች ለሕዝብ ይታያሉ።