የአሮጌ ፒክአፕ ሞተርና የካምሻፍቱ ምርጫ



በዛሬው ንግግራችን በአሜሪካ አገር በ1955 ዓ. ም. ለገበያ ስለ ቀረበ አንድ ሞተርና በውስጡ ስለሚዞር አንድ ዘንግ እናወራለን። ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራለን። ነገሩ የብረት ጉዳይ ቢመስልም ታሪክ ያለበት ነው፤ ታሪኩን ሳይመረምር ያን ሞተር የሚያድስ ሰው ገንዘቡንም ሞተሩንም ያጣልና።

ካምሻፍት ማለት እንደ እንቁላል ሾል ያሉ ጉብታዎች የተቀረጹበት ዘንግ ነው። ዋናው የሞተር ዘንግ ሁለት ጊዜ ሲዞር እርሱ አንድ ጊዜ ይዞራል። በየጉብታው ላይ ታፔት የምትባል የብረት ቁራጭ ተቀምጣለች፤ ጉብታው እርስዋን ወደ ላይ ሲገፋ ቫልቩ ይከፈታል፤ ጉብታው ሲያልፍ ሞላው መልሶ ይዘጋዋል። በአንደኛው ቫልቭ አየርና ቤንዚን ይገባል፤ በሁለተኛው የተቃጠለው ጢስ ይወጣል። እንግዲህ ሞተሩ መቼና ምን ያህል እንዲተነፍስ የሚወስነው የዚህ ጉብታ ቅርጽ ነው።

የሸቭሮሌት ኩባንያ ከ1929 ጀምሮ ይሠራው የነበረው ሞተር ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩበት ነበረ። ጠንካራነቱን የሚክድ የለም። ነገር ግን ተፎካካሪው ፎርድ በ1932 ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር በርካሽ መኪና ላይ ሲያወጣ፥ ሸቭሮሌት ከሃያ ዓመት በላይ በስድስቱ ብቻ ተወስኖ ቈየ። በ1952 ኤድ ኮል ዋና መሐንዲስ ሆኖ ከተሾመ በኋላ ግን ሥራው ተፋጠነና ለ1955 ሞዴል 265 ኪዩቢክ ኢንች፥ ማለት 4.3 ሊትር ያህል የሚይዝ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ተዘጋጀ። ሲሊንደሮቹ አራት አራት ሆነው በግራና በቀኝ ዘመም ብለው ቆሙ፤ ዐሥራ ስድስቱን ቫልቮች የሚያንቀሳቅሰው አንድ ካምሻፍት በመካከላቸው ተቀመጠ። የሚያስገርመው፥ አዲሱ ሞተር ከአሮጌው ባለ ስድስት ሲሊንደር ይልቅ ቀላል ሆኖ መገኘቱ ነው።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አዲሱ ፒክአፕ ይህንኑ ሞተር ይዞ ወጣ። በቤት መኪና ላይ 162 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው በፒክአፕ ላይ 145 ነበረ። ይህ መቀነስ ለብዙዎች ጉድለት ይመስላቸዋል፤ የጭነት መኪና ግን የሚፈለግበት ጉልበት ሌላ ነው።

ነገሩን ያወሳሰበው ዞራ አርኩስ ዱንቶቭ ነው። ይህ ሰው በ1909 በብራስልስ ከሩሲያ ወላጆች ተወልዶ፥ በበርሊን ተምሮ፥ በ1953 የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ባልደረባ ሆነ። ለኮርቬት የስፖርት መኪና ቫልቮቹን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ የሚያቈይ ካምሻፍት ነደፈ፤ በ1956 መጀመሪያም በፍሎሪዳ በዴይቶና ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ራሱ እየነዳ በሰዓት ከ240 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደ። ካምሻፍቱም በስሙ ተጠራ። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ሸቭሮሌት የሚያድስ ሰው ሁሉ ልቡ ወደዚህ ዓይነት የእሽቅድምድም ካምሻፍት ያዘነብላል።

ምኞቱን አልነቅፍም፤ ስሌቱን ግን እነቅፋለሁ። ሞተሩ በኀይል ሲዞር የሚገባው አየር ራሱ ግፊት ስላለው፥ ፒስተኑ ወደ ላይ መመለስ ከጀመረ በኋላ እንኳ መግባቱን አያቋርጥም፤ ስለዚህ ቫልቩ ዘግይቶ ቢዘጋ ይጠቅማል። በዝግታ ሲዞር ግን ያው ዘግይቶ የሚዘጋ ቫልቭ የገባውን አየር መልሶ ወደ መጣበት ያስወጣዋል። እንጨት ወይም እህል ጭኖ ዳገት የሚወጣ ፒክአፕ ደግሞ ኑሮው በዝግታው በኩል ነው። የእሽቅድምድም ካምሻፍት የገባበት ፒክአፕ ቆሞ ሳለ ይንቀጠቀጣል፤ ሲነሣ ይታፈናል፤ ቤንዚንም ይፈጃል። ለጭነት የሚሻለው ቫልቩን ለአጭር ጊዜ የሚከፍተው፥ ዝናም የሌለው ካምሻፍት ነው።

ትክክለኛውን ዓይነት የመረጠ ሰው እንኳ አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል። በ1955 እና በ1956 በተሠሩት ባለ 265 ሞተሮች ዘይት ወደ ታፔቶቹ የሚደርሰው በካምሻፍቱ የኋላ አንገት ላይ በተቀረጸ አንድ ትንሽ ቦይ አማካይነት ነው። በ1957 ቦዩ ወደ ሞተሩ አካል ተዛወረና በካምሻፍቱ ላይ መቅረጽ ቀረ። እንግዲህ የኋለኛውን ዘመን ካምሻፍት ገዝቶ በፊተኛው ሞተር ውስጥ የሚያስገባ ሰው፥ ዕቃው ልክክ ብሎ ሲገባለት ደስ ይለዋል፤ ዘይት ግን ወደ ላይ አይወጣም፤ ታፔቶቹም ደርቀው ይፋጫሉ። የ1955ቱ ሞተር በአካሉ ላይ የዘይት ማጣሪያ መግጠሚያ እንኳ ስላልነበረው፥ የተፈጨው ብረት ከዘይቱ ጋር እየዞረ የቀረውን ሁሉ ያበላሻል። ስለዚህ ካምሻፍቱ ከመገዛቱ በፊት የሞተሩ ዓመት መታወቅ፥ የኋላው አንገትም በዓይን መታየት አለበት።

ሌላው የዘይቱ ዓይነት ነው። የመኪና ጢስ አጣሪዎች ከተስፋፉ ወዲህ በሞተር ዘይት ውስጥ የዚንክና የፎስፎረስ ውሑድ እየተቀነሰ ሄዷል፤ እነዚህ አሮጌ ጠፍጣፋ ታፔቶች ግን ያለ እርሱ ቶሎ ይበላሉ። ስለዚህ ውሑዱ በብዛት ያለበትን ዘይት መሙላት ያስፈልጋል። አዲስ ካምሻፍት የገባበት ሞተር መጀመሪያ ሲነሣ በዝግታ እንዲዞር አይተውም፤ በደቂቃ 2000 ዙር ያህል እያደረጉ 20 ደቂቃ ያቈዩታል፤ ጉብታውና ታፔቱ የሚላመዱት በዚያን ጊዜ ነውና። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ይጠፋል፤ ዘይቱም ይደፋና ብረት ይዞ እንደ ሆነ በጨርቅ ላይ ይታያል።