መጠጥ የማይሸጥበት የጃዝ ክለብ

አሕመድ ጀማልን ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? ስሙን ባታውቁትም ፒያኖውን ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ራፐሩ ናስ በ1994 ባወጣው «ዘ ዎርልድ ኢዝ ዩርስ» ላይ ከኋላ የሚመላለሰው ፒያኖ የዚህ ሰውዬ ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ያዙልኝ።) ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ከፈተው ክለብ ነው።

በ1930 ፒትስበርግ ተወለደ። ፒያኖ መነካካት የጀመረው በ3 ዓመቱ ነው። ቤተሰቡ ያወጣለት ስም ፍሬዴሪክ ራስል ጆንስ ሲሆን፣ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ሰለመና አሕመድ ጀማል ተባለ። ይቺን ያዟት፣ ኋላ ታስፈልገናለች።

በጥር 1958 ቺካጎ፣ ፐርሺንግ ሆቴል ውስጥ ሲጫወት ተቀረጸ። ሦስት ሆነው ነው፦ እሱ በፒያኖ፣ እስራኤል ክሮስቢ በቤዝ፣ ቨርኔል ፎርኒየር በድራም። ከቀረጹት መካከል ስምንት ብቻ መርጦ ሸክላ አወጣ። «ፖይንሲያና» ብቻዋን ስምንት ደቂቃ ትወስዳለች! ሬድዮ ሦስት ደቂቃ በሚያጫውትበት ዘመን ማለት ነው። ሸክላው ግን ቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ ከ100 ሳምንት በላይ ቆየ። ድምፃዊ የሌለበት ጃዝ ነው እኮ!

ሐያሲዎቹ አልወደዱለትም። ዝም ብሎ ቦታ ስለሚተው፣ ጣቱን ስለማያዋክብ፣ «ኮክቴል ፒያኒስት» አሉት። መጠጥ ሲጠጣ ከጀርባ የሚሰማ ዓይነት ማለታቸው ነው። ማይልስ ዴቪስ ግን ያን ዝምታ ነበር የወደደለት፤ «ኒው ረምባ» የተባለውን ሥራውን ወስዶ በ1957 በራሱ አልበም ውስጥ ተጫውቶታል። በበኩሌ ከሐያሲዎቹ ይልቅ የማይልስን ጆሮ አምናለሁ።

እንግዲህ የሸክላው ገንዘብ ሲመጣ አሕመድ ጀማል ምን አደረገ? ቺካጎ ውስጥ «አልሃምብራ» የሚባል ምግብ ቤትና ክለብ ከፈተ። ስሙ የግራናዳ ሙስሊም ነገሥታት ቤተ መንግሥት ስም ነው። ከከተማ ከተማ መንከራተቱን ቀንሶ በገዛ ቤቱ ሊጫወት ነው። አልኮል ግን አይሸጥም። «ኮክቴል ፒያኒስት» ያሉት ሰው ኮክቴል የሌለበት ክለብ ከፈተላችሁ!

ነገሩን ከሂሳቡ አንጻር እዩት። የሌሊት ክለብ የሚኖረው በሙዚቃው አይደለም፤ ሙዚቃው ሰው ይጠራል፣ ኪራዩንና የሙዚቀኛውን ደሞዝ የሚከፍለው ግን ብርጭቆው ነው። እኛስ ጋ አዝማሪ ቤት ያለ ጠጅና ያለ ቢራ ስንት ወር ይቆማል? የሚጠጣ ሰው አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሦስት አራት ጊዜ ያዛል፤ የበላ ሰው ግን ጠገበ፣ አለቀ። በዚያ ላይ ቀን የሠራተኛ ደሞዝና የግዢ ነገር ሲያስብ የዋለው ባለቤት፣ ማታ ፒያኖ ላይ የሚቀመጠውም እሱ ነው። አንዳንዱ ይኼንን የዋህነት ይለዋል። እኔ አይመስለኝም። ለዓመታት ክለብ ውስጥ የሠራ ሰው ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አይጠፋውም፤ እያወቀ ነው የከፈተው።

ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በ1961 አልሃምብራ ተዘጋ። የተዘጋው በመጠጡ ብቻ ነው አልልም፣ ሂሳቡ ግን ከጅምሩ ከባድ ነበር። በ1962 ሦስትዮሹም ተበተነ፤ በዚያው ዓመት እስራኤል ክሮስቢ ሞተ። አሕመድ ጀማል ራሱም ከመድረክ ራቅ ብሎ ከረመ።

ከዚያ በኋላ ክለብ ይዞ ሳይሆን ፒያኖውን ይዞ ተመለሰ። በ1970 «ዘ አዌክኒንግ» የተባለውን አልበም ሠራ። ናስ የወሰዳት ፒያኖ እዚያ ውስጥ ካለችው «አይ ላቭ ሚውዚክ» የተቆረጠች ናት። ሰማንያውን ካለፈ በኋላም መድረክ ላይ ነበር፤ በሚያዝያ 2023 በ92 ዓመቱ አረፈ።

ክለቡ ውስጥ በ1961 የተቀረጸው ሸክላ ዛሬም ይገኛል፣ ስሙም «አሕመድ ጀማልስ አልሃምብራ» ነው። ፈልጋችሁ ስሙትና ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።