አድራሻውን ሳይሆን ካርዱን፦ ጃቫ እና ሲ እንዴት ተግባቡ?

ስልካችሁ ላይ ጌም ስትጫወቱ ከጀርባ ሁለት ቋንቋዎች እየተነጋገሩ ሊሆን ይችላል። በአንድሮይድ ስልኮች የመተግበሪያው ቁልፎችና ገጾች ብዙ ጊዜ የሚጻፉት በጃቫ ወይም በኮትሊን ነው። ፍጥነት የሚጠይቀው ሥዕልና ስሌት ደግሞ በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ ይጻፋል። በሲ የተጻፈው ክፍል ተጫዋቹ ሳንቲም ማግኘቱን ሲያይ፣ በጃቫ በኩል የተቀመጠውን ነጥብ ከ120 ወደ 130 መቀየር አለበት እንበል። ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? ይህን በሥርዓት ለማድረግ ግን ዓመታት ፈጅቷል፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ድረስም ሄዷል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት የተለያዩ ጠባዮች

ሲ የተወለደው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪ ነው። በሲ የሚጽፍ ሰው ዕቃው በኮምፒውተሩ ሚሞሪ ውስጥ የተቀመጠበትን አድራሻ በእጁ ይይዛል። አድራሻውን ካወቀ በቀጥታ ሄዶ ያነባል፣ ይቀይራል፤ ማንንም አያስፈቅድም።

በ1995 ሰን ማይክሮሲስተምስ ይፋ ያደረገው ጃቫ ግን በሌላ ሐሳብ መጣ። በጀምስ ጎስሊንግ የተመራው ቡድን አድራሻውን ከፕሮግራመሩ ደበቀው። ሚሞሪውን የሚያስተዳድረው ቨርቹዋል ማሽን የሚባል ፕሮግራም ነው። እሱ የማያስፈልጉ ኦብጀክቶችን እየጠረገ ያስወግዳል። ቦታ ለማመቻቸት ሲልም የቀሩትን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሊያዛውር ይችላል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሲ አድራሻውን ይዞ ሲመጣ ነጥቡ ቦታ ቀይሮ ቢሆንስ? ያን 130 የሚጽፈው ሌላ ዕቃ ላይ ነው ማለት ነው። ስህተቱም ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ከደቂቃዎች በኋላ መተግበሪያው ድንገት ይዘጋል፣ ወይም የተሳሳተ መረጃ ያሳያል።

ሁሉም በየራሱ መንገድ

በ1996 የወጣው የመጀመሪያው የጃቫ መሣሪያ ለሲ የጃቫን ኦብጀክቶች በቀጥታ ያሳይ ነበር። ነገር ግን ኦብጀክት በሚሞሪ ውስጥ እንዴት እንደሚደረደር የጃቫ ሕግ አልወሰነም። ስለዚህ ለአንዱ ቨርቹዋል ማሽን የተሠራ የሲ ኮድ በሌላው ላይ አይሠራም። ኔትስኬፕ የራሱን መንገድ አወጣ፤ ማይክሮሶፍትም የራሱን። ለእያንዳንዱ እንደገና ማዘጋጀት የግድ ሆነ። «አንዴ ጻፍ፣ የትም አሂድ» ለሚል ቋንቋ ይሄ ትልቅ ራስ ምታት ነበር።

መልሱ በ1997 ከጃቫ 1.1 ጋር መጣ፤ ስሙም ጄኤንአይ ይባላል። መነሻው የኔትስኬፕ ንድፍ ነበር፤ በሰን በኩል ሼንግ ሊያንግ የተባለ መሐንዲስ ዋናውን ሥራ ሠራ። በ1999 ስለ ጄኤንአይ የታወቀውን መጽሐፍ የጻፈውም እሱ ነው።

ካርዱ እንዴት ይሠራል?

ሐሳቡን ለመረዳት ቤተ መጻሕፍት ስትገቡ ቦርሳ የምታስቀምጡበትን ቦታ አስቡ። ቦርሳውን ትሰጣላችሁ፣ ቁጥር ያለባት ካርድ ትቀበላላችሁ። ሠራተኛው ቦርሳችሁን ከላይኛው መደርደሪያ ወደ ታችኛው ቢያወርደውም ግድ የላችሁም። ካርዷን ስትሰጡት የራሳችሁን ቦርሳ ያመጣላችኋል።

ጄኤንአይ ለሲ የሚሰጠው እንዲህ ያለ ካርድ ነው። ነጥቡን ለመቀየር ሲ መጀመሪያ «ይህ ኦብጀክት ከየትኛው ክላስ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቀጥሎ በዚያ ክላስ ውስጥ «ነጥብ» የሚባለውን፣ ሙሉ ቁጥር የሚይዘውን ክፍል መለያ ይጠይቃል። ከዚያ በካርዱና በመለያው 120ን ያነባል፣ 130ን ያስጽፋል። በቀጥታ ከመንካት ይዘገያል፤ ስለዚህ ጎበዝ ፕሮግራመሮች መለያውን አንዴ ብቻ ጠይቀው ያስቀምጡታል።

ካርዱ ግን ጊዜ አለው። ተራው ካርድ የሚያገለግለው የተጠራው የሲ ሥራ አልቆ ወደ ጃቫ እስኪመለስ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ለማቆየት ዘላቂ ካርድ መጠየቅ፣ ሲጨርሱም መመለስ ያስፈልጋል። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ፦ በጃቫ «የግል» ተብሎ የተዘጋውን ክፍል ጄኤንአይ አይከለክልም። ጥንቃቄው የፕሮግራመሩ ነው።

ማይክሮሶፍት ጄኤንአይን ወደ ራሱ ጃቫ ሳያስገባ ቀረ። ሰን በጥቅምት 1997 ሲከሰው ከቅሬታዎቹ አንዱ ይኸው ነበር። ክርክሩ በጥር 2001 ማይክሮሶፍት 20 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በስምምነት አለቀ።

ሒሳቡ የተወራረደበት ቀን

የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ በ2008 ለገበያ ቀረበ። በ2009 ደግሞ ጉግል በሲ ለሚጽፉ ሰዎች መሣሪያ አወጣ፤ ድልድዩም ያው ጄኤንአይ ሆነ። የወቅቱ የአንድሮይድ ቨርቹዋል ማሽን ዳልቪክ ይባል ነበር። ዳልቪክ ኦብጀክቶችን አያዛውርም ነበርና ለተራ ካርድ የሚሰጠው እውነተኛውን አድራሻ ነበር። ጊዜው ያለፈበትን ካርድ ደብቀው የተጠቀሙ ሰዎች ኮድም ብዙ ጊዜ ይሠራ ነበር። ስህተት መሆኑን ማን ያውቃል?

በ2011 አንድሮይድ 4.0 ሲመጣ ይህ ተቀየረ። ወደፊት ኦብጀክቶችን ለማዛወር እንዲቻል አድራሻው ቀርቶ እውነተኛ ካርድ መሰጠት ጀመረ። ያለፈበት ካርድ ከእንግዲህ አይሠራም። ለአሮጌ መተግበሪያዎች የድሮው አሠራር ተተወላቸው፤ ለአዲሱ ስሪት የሚያዘጋጁት ግን ኮዳቸውን ማስተካከል ነበረባቸው።

በ2014 አንድሮይድ 5.0 ዳልቪክን በአርት ሲተካ፣ ኦብጀክቶችን የሚያዛውር ሚሞሪ ጠራጊ አብሮ መጣ። የ1997ቱን ሕግ ያከበረ የሲ ኮድ በዚህ ምክንያት መቀየር አላስፈለገውም። ዕቃው የት እንዳለ ቀድሞውንም አያውቅም ነበርና ሲዛወር ምንም አልጎደለበትም።