ከባንዱ ጀርባ የቆመው መሪ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ከተማዋ ኒውዮርክ ናት፤ ዕለቱ ኦክቶበር 20 ቀን 1960። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ በመሀል እየለዋወጥኩ እንዳላደናግራችሁ።

አንድ የቀረጻ ስቱዲዮ ውስጥ አራት ሰዎች ተሰብስበዋል። አንዱ ትራምፔት ይዟል፤ አንዱ ሳክስፎን አንግቷል፤ አንዱ ከድራሙ ኋላ ተቀምጧል። አራተኛው፣ ደልዳላው ሰውዬ፣ ከቁመቱ የሚበልጥ ድብል ቤዝ አቅፎ ቆሟል። መብራቱ ደብዘዝ ብሏል። ሰውየው ወደ ማይክራፎኑ ጠጋ ይልና ታዳሚውን ማስጠንቀቅ ይጀምራል። አታጨብጭቡ ይላል፤ በብርጭቋችሁ ውስጥ በረዶ አታንቀጫቅጩ፤ የሒሳብ መቀበያው ማሽንም ዝም ይበል። ጉዱን ልንገራችሁ? በክፍሉ ውስጥ ታዳሚ የሚባል ሰው የለም። ብርጭቆም የለም፤ ሒሳብ ተቀባይም የለም። ሰውየው የሚገሥጸው በምናቡ የሠራውን ክለብ ነው። ከጫጫታና ከግሣጼ ጋር ካልሆነ መጫወት የማይሆንለት ይመስላል።

ቻርልስ ሚንገስ ይባላል። የጃዝ ቤዝ ተጫዋች፣ አቀናባሪ፣ የአነስተኛ ባንድ መሪ። በዚያ ዓመት ግሪኒች ቪሌጅ በሚገኘው «ሾውፕሌስ» ክለብ ብዙ ወራት ተቀምጦ ሲጫወት ነበር፤ የማይሰማን ጠጪ መውቀስ የሌሊት ሥራው ከሆነ ቆይቷል።

የተወለደው በአሪዞናዋ የድንበር ከተማ በኖጋሌስ ነው፤ ኤፕሪል 22 ቀን 1922። አባቱ ወታደር ነበር። እናቱ ገና በሕፃንነቱ ሞተችበትና በእንጀራ እናት እጅ አደገ፤ በሎስ አንጀለስ፣ ዋትስ በሚባለው ሰፈር። እቤት የሚፈቀደው ዜማ የቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር። ታዲያ ልጁ አንድ ቀን በአባቱ ሬዲዮ የዱክ ኤሊንግተንን ባንድ ሰማ። ከዚያ በኋላ በልቡ ሁለት ነገር ብቻ ነገሠ፦ የእንጀራ እናቱ ቤተ ክርስቲያን ጩኸትና የኤሊንግተን ቅንብር። ዕድሜ ልኩን ሁለቱን ሲያስታርቅ ኖረ ብል አልተሳሳትኩም።

መጀመሪያ ትሮምቦን ሞከረ፤ ከዚያ ቼሎ ያዘ። ቼሎውን ይወደው ነበር። ግን በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የትኛው ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ነው ጥቁር ልጅ ወንበር ላይ የሚያስቀምጠው? ይህን ያስረዳው ጓደኛው ቡዲ ኮሌት ነው፦ ቼሎውን ተውና ቤዝ ያዝ፣ እኛ ባንድ ውስጥ ትገባለህ። ምክር ነው፤ ግን የዚያን ዘመን ግፍ ሙሉውን የተሸከመ ምክር ነው። ልጁ ቤዙን ያዘ፤ ሲይዘው ግን ለማጀቢያ ብቻ አልነበረም። ቀድሞ በኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ ይጫወት ከነበረው ከኸርማን ራይንሻገን ዘንድ አምስት ዓመት ተማረ። ከሉዊ አርምስትሮንግ ጋር ተጫወተ፤ ከላየነል ሃምፕተን ባንድ ጋር በ1947 የራሱን ድርሰት አስቀረጸ። እንዲህም ሆኖ በ1950 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ደብዳቤ ሲያድል ነበር የሚውለው። የፖስታ ቤት ሠራተኛ! የቪብራፎን ተጫዋቹ ሬድ ኖርቮ ባይጠራው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እንጃ።

ከኖርቮ ጋር የነበረው ሥራ ሲያበቃ በ1951 ኒውዮርክ ገባ። በዓመቱ ከድራመሩ ከማክስ ሮች ጋር «ዴቡ» የተባለ የራሳቸውን የሸክላ ማተሚያ ድርጅት አቋቋሙ፤ ጥቁር ሙዚቀኞች የደከሙበትን ራሳቸው ይሽጡት ብለው። ሜይ 15 ቀን 1953 ቶሮንቶ በሚገኘው ማሲ አዳራሽ ሳክስፎኒስቱ ቻርሊ ፓርከር፣ ትራምፔት ነፊው ዲዚ ጊሌስፒ፣ ፒያኒስቱ ባድ ፓወል፣ ማክስ ሮችና ሚንገስ አንድ መድረክ ላይ ወጡ። አምስቱን በአንድ ላይ የሚያይ ዕድለኛ ነው ትላላችሁ። ነገር ግን አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነበር፤ በዚያው ምሽት ሮኪ ማርሲያኖና ጀርሲ ጆ ዎልኮት ለከባድ ሚዛን ቡጢ ሻምፒዮንነት ይፋለሙ ነበርና። ማርሲያኖ በመጀመሪያው ዙር ዘረረው። ሚንገስ የኮንሰርቱን ቴፕ ይዞ ተመለሰ፤ ቢያዳምጠው የራሱ ቤዝ አይሰማም! ስቱዲዮ ገብቶ የራሱን ድምፅ እንደገና ከላዩ ቀረጸበት። ቤዝ ተጫዋች ማለት እንግዲህ ይህ ነው፦ ሁሉም የሚቆምበት፣ ማንም የማይሰማው።

እሱ ግን መሰማት ይፈልጋል። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን።

ሚንገስ ባንዱን «ጃዝ ወርክሾፕ» ይለዋል። መጀመሪያ ላይ ድርሰቱን በኖታ ጽፎ ያድል ነበር። አልሆነለትም። ሰዎቹ ወረቀቱን አነበቡ እንጂ ዜማውን አልኖሩትም። ስለዚህ በ1956 «ፒቴካንትሮፐስ ኢሬክተስ» የተባለውን አልበም ሲያስቀርጽ ወረቀቱን ተወው። ፒያኖው ላይ ይቀመጣል፤ የእያንዳንዱን ሰው ክፍል ይጫወትለታል ወይም በአፉ ያዜምለታል፤ ያኛው ይቀበላል፤ ሲሳሳት ይመለሳል። የኛ መሪጌታ ለደቀ መዝሙሩ የቃል ትምህርት ሲያስይዝ ያያችሁ ሰዎች ይህ እንግዳ አይሆንባችሁም። ልዩነቱ፣ የኛው ተማሪ የተቀበለውን እንዳለ ይዞ ማደር አለበት፤ የሚንገስ ተማሪ ደግሞ የተቀበለውን የራሱ አድርጎ ካልመለሰ ይባረራል። ሳክስፎኒስቱ ጃኪ ማክሊን ወጣት ሳለ ፓርከርን እየመሰለ ይነፋ ነበር፤ ሚንገስ እያፋጠጠ የራሱን ድምፅ እንዲፈልግ አደረገው። ማክሊን ይህን ውለታ ሲመሰክር ኖሯል።

ልምምዱ ታዲያ በዝግ ቤት ብቻ አይደለም። ክለብ ውስጥ፣ ሰው ከፍሎ በገባበት ሰዓት፣ ዜማው መሀል ላይ ባንዱን ያስቆማል። «እንደዚያ አይደለም» ይልና እንደገና ያስጀምራል። ለአንዳንዱ ይህ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ በወርክሾፕ ፈንታ የጉልበት መበዝበዣ ብሎ ያላግጥበታል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ከኋላ ሆኖ እንዴት ይመራል? በጣቱ። ዜማው እየሄደ ሳለ ቤዙን ማፍጠን ይጀምራል፤ ሳክስፎኑም ትሮምቦኑም ወደዱም ጠሉም መከተል አለባቸው፤ ከሥራቸው ያለው መሬት እሱ ነውና። ከዚያ በድንገት ያዘገየዋል፤ ከዚያ ያቆመዋል፤ ከዚያ አንድ ጩኸት ይለቅና ሁሉም በአንድ ላይ ይፈነዳሉ። ይህ የሚሆነው የሚግባባው ድራመር ሲያገኝ ብቻ ነው። አገኘ። ዳኒ ሪችመንድ ሳክስፎኒስት ነበር፤ ድራም ከያዘም ገና ብዙ አልቆየም። በ1957 ወደ ሚንገስ መጣና ሃያ ዓመት ያህል አጠገቡ ቆመ። ሁለቱ ፍጥነት ሲቀይሩ አንዱ ለሌላው ምልክት ሲሰጥ አይሰማም። እንዴት እንደሚተዋወቁ አንድዬ ይወቅ።

በዚያው በ1957 የአርካንሳው አገረ ገዥ ኦርቫል ፎበስ ሊትል ሮክ ከተማ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ወታደር አቆመ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በበኩላቸው ተማሪዎቹን የሚያስገባ ሌላ ጦር ላኩ። ሚንገስ ለአገረ ገዥው ዜማ ሠራለት፤ ስሙን በግልጽ ጠርቶ። ዜማው በ1959 ታላቁ አሳታሚ ኮሎምቢያ ባወጣው «ሚንገስ አህ አም» አልበም ውስጥ ወጣ፤ ግጥሙ ግን አልወጣም። የተቀረጸው መጀመሪያ በነገርኳችሁ ቀን፣ ካንዲድ ለተባለው አነስተኛ አሳታሚ ነው። ሚንገስ ይጠይቃል፣ ሪችመንድ ከድራሙ ላይ ይመልሳል፤ አገረ ገዥውን እየተቀባበሉ መሳቂያ ያደርጉታል። ስድብ በዚህ ዓይነት ለዛ ሲቀርብ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ቀረጻ ሌላም ጉድ አለ። «ዋት ላቭ» በተሰኘው ዜማ መሀል ትራምፔቱም ድራሙም ዝም ይላሉ። ሳክስፎን ያነገተው ሰው፣ ኤሪክ ዶልፊ፣ ቤዝ ክላርኔቱን ያነሣል፤ ሚንገስ በቤዙ ይመልስለታል። ዶልፊ ባንዱን ሊለቅ ነው፤ ሚንገስ ተቆጥቷል። ሁለቱ በመሣሪያ ይጨቃጨቃሉ፤ አንዱ ይለማመጣል፣ አንዱ ይጮሃል፣ ቃል አይወጣቸውም፤ ግን ማን ምን እንዳለ ይገባችኋል። ይታረቃሉም። ዶልፊ ለጊዜው ቢሄድም ተመለሰ፤ በ1964 አብረው አውሮፓን ዞሩ፤ በዚያው ቀረ። ጁን 29 ቀን በርሊን ላይ፣ ሳይታወቅበት በቆየ የስኳር በሽታ፣ በ36 ዓመቱ ሞተ። በሚቀጥለው ወር ለሚንገስ ወንድ ልጅ ተወለደለት፤ ኤሪክ ዶልፊ ሚንገስ ብሎ ሰየመው።

እስካሁን ያወራሁላችሁን ሰው ወዳችሁት ይሆናል። ቆይ፣ ሌላውንም ስሙ። በኦክቶበር 1962 በኒውዮርኩ ታውን ሆል አዳራሽ ውስጥ ትልቅ ኮንሰርት ተይዞ ነበር። በአነስተኛ ባንድ የሚታወቀው ሰው ያን ጊዜ ግዙፍ ኦርኬስትራ ሰበሰበ፤ ኖታ መጻፍም ግድ ሆነ። ቀኑ ደረሰ፣ ኖታው አላለቀም። በጭንቀቱ መሀል የትሮምቦን ተጫዋቹን ጂሚ ኔፐርን፣ ለዓመታት ቅንብሩን ሲያግዘው የኖረውን ሰው፣ አፉን በቡጢ መታው። የትሮምቦን ተጫዋች ሀብቱ ከንፈሩና ጥርሱ ነው። ኔፐር ጥርሱ ተሰበረ፤ ከፍተኛዎቹን ድምፆችም ማውጣት ተሳነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ሚንገስ ተፈረደበት፤ ቅጣቱ በገደብ ሆነ። ሊቅነት ለዚህ ሰበብ አይሆንም፤ «ንዴቱ ነው ሙዚቃውን የወለደው» የሚሉትንም አልቀበልም። ሙዚቃውን የወለደው ልምምዱ ነው። ኮንሰርቱም አላማረበትም፤ ዜማው ሲጫወት ገልባጮቹ እዚያው መድረክ ላይ ኖታ ሲገለብጡ ነበር።

ከዚያ ኮንሰርት አንድ ወር ቀደም ብሎ ከኤሊንግተን ጋር ስቱዲዮ ገብቶ ነበር። ነገራቸው የቆየ ነው፤ በ1953 ኤሊንግተን ቀጥሮት፣ ከትሮምቦኒስቱ ከሁዋን ቲዞል ጋር ስለተጣላ በጥቂት ቀን ውስጥ አሰናብቶት ነበር። ያም ሆኖ በ1962 ሁለቱ ከማክስ ሮች ጋር «መኒ ጀንግል» የተባለውን አልበም ቀረጹ። ሚንገስ መሀል ላይ አኩርፎ ቤዙን ተሸክሞ ወጣ፤ ኤሊንግተን ተከትሎት ወጥቶ አባብሎ መለሰው። እግረ መንገዴን፣ ይህ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን ተቀብሏል፤ ያኔ ከባንዱ ጋር የሠራው የኛው ሙላቱ አስታጥቄ ነው።

በ1966 ሚንገስ ማንሃተን ግሬት ጆንስ ጎዳና ላይ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሊከፍትበት ከነበረው ሰፊ ክፍል ተባረረ። ቶማስ ራይክማን የተባለ ወጣት ፊልም ቀራጭ አብሮት ነበር፤ ኖታው፣ ቤዙ፣ ዕቃው መንገድ ላይ ሲወጣና ሰውየው ዕንባውን ሲውጥ በፊልሙ ይታያል። ከዚያ ጥቂት ዓመት ጠፋ። በ1971 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ፤ ጉግንሃይም የተባለውንም ሽልማት አገኘ፤ ተመልሶም ባንድ አቋቋመ። ኔፐር እንኳ በኋላ አብሮት ሠርቷል። ይህን ሳስብ ይገርመኛል፤ እኔ ብሆን አልመለስም።

በ1977 ማብቂያ ላይ ጡንቻ የሚያሽመደምደው ኤኤልኤስ የተባለው ደዌ እንደያዘው ተነገረው። ጣቶቹ ታሰሩ። በ1978 በኋይት ሐውስ የጃዝ ድግስ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ቀረበ፤ ፕሬዚዳንት ካርተር ሄደው አቀፉት፤ አለቀሰ። ድርሰቱን ግን አላቆመም፤ ቤዝ መንካት ሲያቅተው ወደ ቴፕ መቅረጫ እያዜመ ሌሎች እንዲጽፉለት አደረገ። ጃንዋሪ 5 ቀን 1979 ሜክሲኮ ውስጥ ኩዌርናቫካ በ56 ዓመቱ ሞተ። ባለቤቱ ሱ አመዱን ወስዳ ሕንድ አገር ጋንጅስ ወንዝ ላይ በተነችው።

ከሞተ በኋላ የቀሩት ወረቀቶች ሲመረመሩ «ኤፒታፍ» የተሰኘ ግዙፍ ድርሰት ተገኘ፤ ከ4,000 በላይ የኖታ ሜዠር ያለው። ከዚያ ውስጥ ብዙው የታውን ሆሉ ኮንሰርት ላይ የተጨናገፈው ነበር። ጁን 1989 ኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር ውስጥ በሠላሳ ሙዚቀኞች፣ በጉንተር ሹለር መሪነት ተጫወተ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ወሰደ። ደራሲው በሕይወት ቢኖር ስንት ጊዜ ያስቆማቸው ነበር!

ለመጀመር የሚፈልግ «ሚንገስ አህ አም»ን ይፈልግ። የመጀመሪያው ዜማ የእንጀራ እናቱ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጭብጨባውም ጩኸቱም እዚያ አለ። ሁለተኛው፣ አልበሙ በወጣበት ዓመት ማርች ላይ ለሞተው ሳክስፎኒስት ለሌስተር ያንግ የተሠራ ልቅሶ ነው። አደራ፣ በስልካችሁ ድምፅ ማጉያ አትስሙት፤ ቤዙ አይሰማም። ጆሮ ማዳመጫ አድርጉ፤ ሳክስፎኑን ተዉትና ከሥሩ ያለውን ተከተሉ።